በሚስቱ እጅ ልክ

የሆስፒታሉ መሣሪያ ጠጋኝ ነገር ቶሎ የሚከነክነው ሰው ነው። በትንሽ ቀዳዳ ሆድ ውስጥ ገብቶ የሐሞት ከረጢት የሚይዝ ቀጭን መቆንጠጫ ለመሥራት ስድስት ወር ለፋ። ቀዶ ሐኪሟ ግን ሞክራ መለሰችለት።

«ጋሼ፣ ጫፉ ግሩም ነው። እጀታው ላይ ግን ጣቶቼ አይደርሱም።»

ለካስ እጀታውን የሠራው በራሱ መዳፍ ልክ ነው፤ የእሱ መዳፍ ደግሞ አካፋ ያህላል። በራሱ እየተናደደ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ሽንኩርት እያማሰለች ነበር። ማማሰያውን የያዘችበትን እጅ ሲያይ ንዴቱ ብን ብሎ ጠፋ፤ የሐኪሟን እጅ ያህላል። ሮጦ ሰም አለሰለሰና አስጨበጣት።

«ኧረ ሽንኩርቱ አረረ!» አለች።

«ይረር! ብቻ እንዳትለቂው!»

አዲሱን እጀታ በዚያ ሰም ቅርጽ ልክ ሠራው። መሣሪያው ተፈትኖ ካለፈ ወዲህ ሐኪሟ ሌላ መቆንጠጫ አልነካም አለች።

ከአራት ዓመት በኋላ ሚስቱን ራሷን የሐሞት ጠጠር አስተኛት። ያ ቁጡ ሰው ቀዶ ጥገናው እስኪያልቅ በሩ ላይ ሲንቆራጠጥ ቆየ።

ስትነቃ ሐኪሟ አጠገቧ ነበረች። «አይዞዎት እትዬ፣ በጋሼ መቆንጠጫ ነው ያወጣነው» አለቻት።

ሚስቱ ሆዷ ላይ ያሉትን ትንንሽ ፕላስተሮች ዳበሰች። ከዚያ ዓይኑ ደም የመሰለውን ባሏን አየችው።

«ታዲያ የገባው የኔው እጅ አይደል? ምን አስፈራህ?»

እጇን በዚያ አካፋ በሚያህል መዳፉ ጭብጥ አድርጎ ያዘው።

«ሽንኩርቱ ይረር፣» አለችው፤ «ብቻ እንዳትለቀው።»