የቁም ሰዓቱ በር ለምን ይቆለፋል

ባለፈው ሰሞን ሳን ሆዜ አንድ የአሮጌ ዕቃ መደብር ስገባ የከረመ እንጨትና የማሽን ዘይት ሽታ ተቀበለኝ። ሽታውን ተከትዬ ስሄድ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ የቁም ሰዓት አገኘሁ። ረጅሙ በሩ ላይ ትንሽ የቁልፍ ቀዳዳ አለች። እጄ ሳላዘው በሩን ገፋ አድርጎ መዘጋቱን አረጋገጠ።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ኦክላንድ፣ አክስቴ ሳሎን ውስጥ እንዲህ ያለ ሰዓት ነበር። ታስታምማቸው የነበሩ ፈረንጅ ባልቴት ሲሞቱ ያወረሷት ነው። በሩን ሁልጊዜ ትቆልፈዋለች። አንድ የዒድ ዕለት ግን ዘመድ ከመምጣቱ በፊት ከፈተችውና ቁልፉን እዚያው ሰክታ ተወችው።

«ሰው ቤትህ መጥቶ የተቆለፈ ነገር ካየ፣ ሌባ የተባለ ይመስለዋል» አለችኝ።

ያኔ ሁሉን አንብቤ የጨረስኩ የሚመስለኝ ጎረምሳ ነበርኩ። የዚህ በር ቁልፍ ጌቶች ሎሌዎቻቸውን ካለማመን የፈጠሩት መሆኑን ለእንግዶቹ በሰፊው አስረዳሁ። ታክሲ ነጂው አጎቴ፣ ሎሌው ይህን ግንድ በየትኛው ኪሱ ሊወስደው እንደነበር ጠየቀኝ። ቤቱ በሳቅ ሞላ።

ሳቁ ሲበርድ ዝምታውን ሰማነው። ሰዓቱ ቆሟል።

በሩ ገርበብ ብሏል። የአራት ዓመቷ የአክስቴ የልጅ ልጅ ሳጥኑ ውስጥ ገብታ ፔንዱለሙን አቅፋ ቆማለች። አክስቴ ጠዋት ሰዓቱን ስትሞላ ወደ ላይ ስለሳበቻቸው፣ ሰዓቱን የሚያስኬዱት ከባድ የነሐስ ዱላዎች ከልጅቷ አናት በላይ ተንጠልጥለዋል። ልጅቷ አንዱ ዱላ የተሰቀለበትን ሰንሰለት በእጇ ጨብጣለች። አጎቴ ሊነሳ ሲል አክስቴ በዓይኗ ከለከለችው። ልጅቷ ከደነገጠች ትጎትተዋለች።

«ነይ እስቲ የኔ እናት፣ ያን ልቀቂው» አለቻት፣ ቀስ ብላ እየተንበረከከች።

«ኖ። አም ሃይዲንግ።»

«እሺ፣ እኔም ልደበቅ። ቦታ አለሽ?»

ልጅቷ ሳቀች። ቦታ ልትለቅላት ጠጋ ስትል ሰንሰለቱን አብራ ሳበችው። አክስቴ ግን ክንዷን ከልጅቷ ራስ በላይ አስገብታ ነበር። ነሐሱ ከመንጠቆው ወልቆ የአክስቴ የእጅ አንጓ ላይ አረፈ። የሰማነው የብረት ድምፅ አልነበረም።

ያ ቁልፍ ዕቃ የሚጠብቅ መስሎን ነበር፤ ለካ ልጅ ነው ሲጠብቅ የኖረው። ልጅቷ አሁን ማውንቴን ቪው ነው የምትሠራው። ከዚያ ቀን የምታስታውሰው የለም።

ያን ቀን አክስቴ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች፣ እያበጠ የሄደውን እጇን ማንም እንዲነካው አልፈቀደችም። በደህናው እጇ የልጅቷን ሹሩባ አንድ በአንድ እየፈታች፣ የሌለ ቁስል ስትፈልግ ቆየች።