የተበደረ ክንድ

በዓለም ላይ ካሉ አላጋጮች ሁሉ የሚብሰው «የሥራ ልምድ ያለው» ብሎ ማስታወቂያ የሚለጥፍ ቀጣሪ ነው። ዋናተኛ ይፈልጋል፤ ወደ ውሃው የሚያስገባውን በር ግን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከትቶታል። ከዚያ ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ «የዛሬ ልጆች እኮ ዋና አይችሉም» እያለ ያማርራል። ይህን ጉድ አደባባይ አውጥቶ ማስጣት ተገቢ ነበር፤ ዛሬ የማወራው ግን ስለ አንዲት ቀናተኛ ልጅ ነው። ቀጣሪዎች በየመንገዱ ስለሚያጋጥሙን እግረ መንገዳችንን እንደርስባቸዋለን።

ልጅቷን ሰፈሩ «አንደኛ» ይላታል። በሕክምና ረዳትነት ከሠለጠኑት መካከል አንደኛ ወጥታ ስለተመረቀች ነው። ስሙን ያወጣችላት እናቷ ናት። በአጥር ላይ፣ በሱቅ በር፣ በልብስ አጠባ መሃል «አንደኛ የወጣችው ልጄ» ስትል ስትል፣ የሰለቸው ሰው የኋላውን ጥሎ የፊቱን ብቻ ያዘ። ልጅቷም ስሙን አልጠላችውም። ሲጠሯት ዘወር የምትለው አገጯን ትንሽ ከፍ አድርጋ ነበር።

ግቢውን የምትጋራት የአክስቷ ልጅ ደግሞ «ባለ ክንዷ» ትባላለች። ይህኛው ስም የኮሌጁ ስጦታ ነው። ኮሌጁ ተማሪ መርፌ የሚለማመድበት አንድ የላስቲክ ክንድ ነበረው። ሲወጋ፣ ሲወጋ፣ ሲወጋ ወንፊት ሆነ፤ ቀይ ቀለም ቢሞሉበት በሁሉም አቅጣጫ የሚረጭ የአትክልት ማጠጫ ወጣው። «እስኪተካ ታገሡ» ተባለ። ኮሌጅ «እስኪተካ» ካለ የልጅ ልጅ ይመረቅበታል። በዚህ መሃል ነው ባለ ክንዷ እጅጌዋን ሰብስባ «ኑ፣ የኔን ውጉ» ያለችው።

መሥዋዕትነት እንዳይመስላችሁ! ሰው መውጋት ስለምትፈራ ነው። ተወጊ የሆነ ሰው ወጊ ሁን አይባልም፤ መምህሩም ነጻ ክንድ በማግኘቱ ተደስቶ የእሷን ተራ ይዘላል፣ ማለፊያ ነጥቧን ይሰጣል። ደም ስሯ ደግሞ የልብስ ማስጫ ገመድ ያህላል፤ ዓይኑን የጨፈነ ሰው አይስተውም። ክፍሉ በሙሉ በዚያ ክንድ ተመረቀ። ከሁሉ አብልጣ የወጋችው አንደኛ ናት፤ ከሱ ሌላ ክንድም ነክታ አታውቅም። ለምን ትንካ? አንደኛ የሚወጣ ሰው ሁልጊዜ ቀላሉን ጥያቄ ያስቀድማል።

ከምረቃ በኋላ አንደኛ ሲቪዋን በፕላስቲክ አቃፊ ይዛ ክሊኒክ ለክሊኒክ ዞረች። ጫማዋ ተረከዙ ላይ እስኪያዘነብል ዞረች። በአንዱ ክሊኒክ የአስተዳደር ኃላፊው፣ ወፍራም፣ ጥርሱን በእስክሪብቶ ክዳን የሚጎረጉር ሰው፣ አቃፊውን ሳይከፍት ጠየቃት።

«የሥራ ልምድ?»

«አዲስ ተመራቂ ነኝ፤ ግን ከክፍሌ አንደኛ...»

«ልምድ ነው የጠየቅኩሽ፣ እህቴ።»

«ሳልቀጠር ልምድ ከየት አመጣለሁ፣ ጌታዬ?»

«ሌላ ቦታ ሠርተሽ ነያ።»

«ሌላ ቦታም እንደዚሁ ነው ያሉኝ።»

«አየሽ?» አለ ክዳኑን ከጥርሱ እያወጣ። «ሁላችንም አንድ ዓይነት ነው የምንለው። ትክክል ብንሆን ነው!»

ይህ ፈላስፋ የክሊኒኩ ባለቤት ሚስት ወንድም ነው። እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የተጠየቀው ልምድ እህቱን መዳር ብቻ ነበር።

አንደኛ ያን ቀን ቤቷ ስትገባ ግቢው ውስጥ እልልታ ነበር። ባለ ክንዷ በሌላ ክሊኒክ ሥራ አግኝታለች። በመጀመሪያ ሙከራዋ! አክስት እየዘለለች ነው፤ እናት «ልጄ፣ ነይ እህትሽን ሳሚያት» እያለች ነው። አንደኛ ሳመቻት። ከንፈሯ ጉንጭ ነካ፤ ጥርሷ ግን ከከንፈሯ ጀርባ ተነካክሶ ነበር።

«እንኳን ደስ ያለሽ። እንዴት አገኘሽው?»

«ብታዪ እህት ዓለም፣ የሚገርም ነው!» ባለ ክንዷ በርጩማው ላይ ተመቻችታ ተቀመጠች። «ዶክተሯ "የሥራ ልምድ አለሽ ወይ?" ሲሉኝ፣ ምን ልበል? እጅጌዬን ሰበሰብኩና "አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ የለመደው እዚህ ላይ ነው" አልኳቸው። ነጠብጣቡን አሳየኋቸው። ሴትዮዋ ሳቁ፣ ሳቁ፣ መነጽራቸው ወደቀ። "ሲወጉት ምን እንደሚሰማ የሚያውቅ ሠራተኛ ገጥሞኝ አያውቅም፤ ካርድ ክፍል ጀምሪ" አሉኝ።»

ሁሉም ሳቀ። አንደኛ አልሳቀችም። ያ ነጠብጣብ የማን ነው? የእሷ ነው! ከክርን እጥፋቱ በላይ በአንድ መስመር የተሰለፈው፣ ሳይበልዝ የዳነው፣ ሁሉም የእሷ የእጅ ሥራ ነው። ሠሪው ሌላ፣ በዪው ሌላ! በራሪ ወረቀት የሚበተንበት በደል ይህ ነው። ችግሩ፣ አንደኛ በደሏን የምትጮህበት አደባባይ አልነበራትም። የነበራት መኝታ ቤት ነው፤ መስኮቱ ደግሞ ፊት ለፊት ወደ ልብስ ማስጫው ሽቦ ይከፈታል።

ከዚያ ወዲህ በሽቦው ላይ ነጭ ጋዋን ይወዛወዝ ጀመር። ባለ ክንዷ ካርድ እያወጣች ስትውል ጋዋኑ በምን እንደሚቆሽሽ አንድዬ ይወቅ፤ ግን ቶሎ ቶሎ ታጥቦ ይሰጣል፣ እጅጌዎቹን ዘርግቶ ለመንደሩ ሰላምታ ያቀርባል። አንደኛ መጋረጃ ትዘጋለች፤ ነጩ በመጋረጃው በኩል ያበራል። ስትተኛ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፤ ግድግዳውም ነጭ ነው።

አንድ ቀን ደመና ከበደ።

«ልጄ፣ የእህትሽን ልብስ አንሺላት፣ ሊዘንብ ነው!» አለች እናቷ ከጓዳ።

«እሺ እማዬ» አለች አንደኛ። ካለችበት አልተነሳችም። ዝናቡ መጣ። ጋዋኑ መጀመሪያ ተንጠባጠበ፣ ከዚያ ተንጠለጠለ፣ በመጨረሻ ከአሮጌው ሽቦ ዝገቱን ጠጥቶ በትከሻው ላይ ቡናማ መስመር አሰመረ። አንደኛ በመጋረጃው ቀዳዳ ፊልም እንደሚያይ ሰው ተመለከተችው። እስከዚያች ቀን ድረስ ከምረቃ በኋላ ያገኘችው ደስታ ይኼው ብቻ ነበር ብል አላጋነንኩም። ባለ ክንዷ በዝናብ ረጥባ በግቢው በር ስትገባ መጋረጃው ተዘጋ።

ብዙም ሳይቆይ ባለ ክንዷ በሩን አንኳኳች። ፊቷ አመድ መስሏል። ሁልጊዜ የሚጮኸው አፏ ሹክሹክታ ሆኗል።

«እህት ዓለም፣ ጉዴ ፈላ። ደም የምትቀዳው ልጅ ለቀቀች። ዶክተሯ "ከሰኞ ጀምሮ አንቺ ነሽ" አሉኝ።»

«ታዲያ ምን አለበት? ቅጂያ!»

«ወግቼ አላውቅማ! አንቺ ታውቂ የለ? እኔ ተወጊ ነበርኩ እንጂ።»

«ልምድ አለኝ አላልሽም?»

«ቀልዴን ነበር፣ ሰዎቹ ከምር ወሰዱት!» ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ክንድሽን አበድሪኝ። አንድ ዓመት ሙሉ የኔን ወግተሽ የለ? ካባረሩኝ እማዬ ትሞታለች።»

 በአንደኛ ጭንቅላት ውስጥ ትልቅ ስብሰባ ተጠራ። እምቢ ብትል ባለ ክንዷ ሰኞ ትዋረዳለች፤ ማክሰኞ ወንበሩ ባዶ ይሆናል፤ ረቡዕ አንደኛ በፕላስቲክ አቃፊዋ ከበሩ ትቆማለች። ሐሳቡ ጣፋጭ ነበር። ሊዋጥ ሲል ግን ሌላ ሐሳብ መጣ፦ ይህች ልጅ እሷ ፊት ቁጭ ብላ፣ አንገቷን ደፍታ፣ «አሁንስ? እንዲህ ነው?» እያለች ስትለማመጥ ማየት። ቅናት መራራ ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ ከጣፋጭም ጣፋጭ ያማርጣል።

«ግቢ» አለች። «እጅሽን ታጠቢ መጀመሪያ።»

እንዲህ ነው ክንዱ ለብድር የዋለው። ባለ ክንዷ ጓንት፣ የክንድ ማሰሪያ፣ አልኮል፣ አዲስ መርፌና ያገለገለው ተጥሎ ወደ ክሊኒክ የሚመለስበትን ሣጥን ይዛ ከሥራ መልስ ትመጣለች፤ አንደኛ እንደ ዳኛ ወንበር ላይ ተዘርግታ ትቀመጣለች።

«ማሰሪያውን ከፍ አድርጊው! እሱ ክርኔ ነው፣ አታውቂውም? የሚታየውን ደም ስር ምረጪ።»

«የሚታይ የለም።»

«እንዴት የለም? መጽሐፉ ላይ አለ!»

መጽሐፉ ላይ አለ፤ አንደኛ ክንድ ላይ ግን የለም። ደም ስሯ እንደ ባለቤቱ ኩሩ ነው፤ ቢጠሩት አይወጣም። ባለ ክንዷ ስትስት አንደኛ «ቀዳዳ! የቀለም ጠላት!» ትላለች፤ ባለ ክንዷ እያለቀሰች ትስቃለች። የአንደኛ ክንድ በለዘ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ሆነ። እሁድ ከሰዓት ላይ ግን ባለ ክንዷ መመልከቱን ተወችው። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፣ ጣቷን የአንደኛ ክርን እጥፋት ላይ አሳረፈች፣ ስለ ክሊኒኩ ዘበኛ አዲስ ጫማ እየለፈለፈች በቀስታ ተጫን ለቀቅ፣ ተጫን ለቀቅ ታደርግ ጀመር።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ዝም በይ። የኔን ስትወጉ ከመርፌው በፊት የሚሰማኝ ይሄ ነበር። ሲጫኑት መልሶ ይገፋል።» ከዚያም ወጋች። ደሙ ሲሪንጁ ውስጥ ገባ። አንደኛ አልተሰማትም። የሕመሙ አለመኖር ከሕመሙ ሁሉ በላይ አመማት።

አንድ ሁለት ሳምንት አለፈ። አሁን ደግሞ ሰፈሩ ሌላ ዘፈን ጀመረ፦ «እጇ አይሰማም እኮ! እያወራችሽ ትጨርሳለች።» የአንደኛ እናት ራሷ፣ የገዛ እናቷ፣ ስኳሯን ልትመረመር ሄዳ «ምን ያለች ልጅ ናት!» ብላ ተመለሰች። አንደኛ እራቷን ሳትጨርስ ተነሳች። የበለዘው ክንዷ ገና አልዳነም ነበር።

ባለ ክንዷ አንድ ምሽት በአንደኛ መስኮት ጭንቅላቷን ብቅ አደረገች። «ሰው ሊጨምሩ ነው። ስላንቺ ለዶክተሯ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ባንቺ አማላጅነት ከምገባ...»

«ነገ ጠዋት ነው። አቃፊሽን እንዳትረሺ» አለችና ጭንቅላቷን መለሰች።

አንደኛ ሄደች። የሄደችው ግን ሥራ ልትለምን ብቻ አይደለም፤ ልታጋልጥም ነው። ሌሊቱን ሙሉ ንግግሯን ስታጠና ነው የነጋው። ዶክተሯ፣ ሽበታም፣ ሰው ሲያወራ መነጽራቸውን የሚወለውሉ ሴት፣ ያንኑ ጥያቄ ጠየቋት።

«የሥራ ልምድ አለሽ?»

«አለኝ። እዚሁ ክሊኒክ ውስጥ ነው ያለው፣ ዶክተር። እሷ ክንድ ላይ።» በር ላይ የጥጥ ሳህን ይዛ ወደቆመችው ባለ ክንዷ በአገጯ አመለከተች። «ያሳየችዎት ነጠብጣብ የኔ ሥራ ነው። እሷ ተወጋች እንጂ አልወጋችም።»

 ዶክተሯ መነጽራቸውን አደረጉ።

«እጅጌሽን ሰብስቢ እስቲ» አሉ፤ አንደኛም ሰበሰበች። «ያ ብልዝስ የማን ነው?»

አንደኛ እጅጌዋን መለሰች። «የሷ።»

«ታዲያ ተለዋወጣችሁ እንጂ ማን ማንን ሰረቀ?» ዶክተሯ ብድግ አሉ። «አሁን ደግሞ የሦስተኛ ሰው ክንድ እንይ።»

ሦስተኛው ሰው አንድ ሸምገል ያሉ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ክንዳቸው የደረቀ እንጨት። «ልጄ፣ መርፌ እኔ ጋ ነው የሚያምርበት» አሉ። «ጨርቅ አይጮህም።»

አንደኛ ማሰሪያውን እንደ መጽሐፉ አሰረች። ተመለከተች። ገመድ የለም። ሌላኛውን ክንድ ተመለከተች። እዚያም የለም። አንደኛነቷም፣ የእናቷ የአጥር ላይ አዋጅም ደም ስር አላወጡም። ወደ በሩ ዞር አለች። ባለ ክንዷ ፊቷን ቀስ ብላ ወደ መስኮቱ አዞረች።

አንደኛ ገባት። ያንን ማድረግ ማለት እሷን መምሰል ነው፤ ያውም እሷው ፊት! ጥርሷን ነከሰች። ከዚያ ዓይኗን ከክንዱ አነሳች፣ ጣቷን አሳረፈች፣ ተጫን ለቀቅ አለች።

«አባባ፣ ሙሉ ልብስ ሲሰፉ ከሁሉ የሚያስቸግረው የቱ ጋ ነው?»

«ትከሻው ነዋ! ትከሻ የሚያምር መስሎሽ...» ሰውየው ስለ ትከሻ ተናግረው አልጨረሱም፤ ከጣቷ ሥር የሆነ ነገር መልሶ ገፋት። ወጋች። «...ጨረስሽ እንዴ?» አሉ።

«ዛሬውኑ ጀምሪ» አሉ ዶክተሯ። «ሥራውን እሷ ታሳይሻለች። የምትታዘዢው ለሷ ነው።»

ለሷ! አንደኛ ደስታውንና ንዴቱን አንድ ላይ ስትውጠው ትን አላት። ባለ ክንዷ ደግሞ ከቁም ሣጥኑ አንድ ጋዋን አውጥታ ዘረጋችላት። በትከሻው ላይ ቡናማ የዝገት መስመር አለ።

«አዲስ እስኪመጣ ይሄን ልበሺ። ዝገቱ ቢታጠብ ቢታጠብ አልለቅ አለ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ያን ቀን መጋረጃው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፣ እህት ዓለም።»

አንደኛ ጋዋኑን ለበሰችው። ትከሻው ላይ ልክ ነበር፤ ልክ መሆኑም አናደዳት።

አሁን በግቢው ሽቦ ላይ ሁለት ጋዋን ይሰጣል። በቀደም ደመና ሲከብድ እናት ከጓዳ ተጣራች፤ አንደኛም ሮጣ ወጥታ ሁለቱንም አነሳች። ለደግነት ብላ እንዳይመስላችሁ፤ በአንድ መቆንጠጫ ተይዘው ስለነበረ ነው። ስታጣጥፋቸው ግን የባለ ክንዷን ኪሶች ቆጠረች። ከራሷ ጋዋን ኪሶች በአንድ ይበልጣሉ።