አርባ ስምንት ኮሌታ

አስቻለች ፎቶዋን የጠላችው መልኳ ስላላማረ አልነበረም። መልኳማ ደህና ወጥቷል፤ ሽርጧ በወጉ ታስሯል፣ ሻሿም ንጹሕ ነው፤ ፈገግታዋ ብቻ እንደ ማሽላ እያረሩ የመሳቅ ዓይነት ነው። ፎቶው ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈር፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ባለች የደንብ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ፣ የስፌት ክፍሉ በር ላይ በተሰቀለ ነጭ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። ከሥሩ «ምርጥ ሠራተኛ» ይላል። ከዚያ በታች በቀይ የሰሌዳ እስክሪብቶ «በሰዓት 48 ኮሌታ» ተብሎ ተጽፏል። እሷ የምትጠላው ይህን ቁጥር ነበር። ቁጥሩ ውሸት ነው፤ የዋሸችውም ራሷ ናት።

አስቻለች ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ኮሌታ ሰፍታለች። የተማሪ፣ የጥበቃ፣ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ፣ የማን አንገት በእጇ ያላለፈ አለ! ቂርቆስ ተወልዳ ቂርቆስ ያረጀች ሴት ናት፤ ወደ ሥራዋም በእግሯ ትመጣለች። መንገድ ላይ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ሲያልፍ ከፊቱ በፊት ኮሌታውን ነው የምታየው። ከተጣመመ «ይሄ የኛ አይደለም» ትላለች፤ የእነሱ መሆኑን እያወቀችም እንደዚያው ትላለች።

እልኸኛ ናት። ከዓመታት በፊት ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች የአሠራር ዘዴ ፋብሪካዋ ሲገባ፣ ግድግዳው ላይ የመቀስ ቅርጽ በቀለም ተሥሎ «ከእንግዲህ መቀስሽን የምትሰቅይው እዚህ ነው» ተባለች። «ግድግዳው ኮሌታ ይሰፋል እንዴ? መቀሱን የሚፈልገው እጄ ነው፣ እጄም የሚያውቀው ግራ ጉልበቴ አጠገብ ነው» ብላ አሻፈረኝ አለች። ሌሎቹ ተነሥተው መቀስ ለማምጣት ሲመላለሱ ሁለት ወር ቆዩና፣ ሁሉም ወደ ጉልበታቸው መለሱት። የመቀሱ ሥዕል ግን እስካሁን ግድግዳው ላይ ብቻውን አለ።

እንዲህ ያለችው ሴት ነች እንግዲህ ባለፈው ጥቅምት በይሉኝታ የተሸነፈችው።

በጥቅምት ፍሬሰላም የምትባል ልጅ መጣች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የሥራውን ፍጥነት እንድትለካ የመጣች የኢንዱስትሪ መሐንዲስ ናት፤ አንገቷ ላይ ስቶፕዎች የሚሉትን የሩጫ መለኪያ ሰዓት አንጠልጥላ፣ ክንዷ ላይ ወረቀት ታቅፋ። «እኔ የምለካው ሥራውን እንጂ እናንተን አይደለም፤ እንደ ሁልጊዜው ሥሩ» አለቻቸው። ጥሩ ንግግር ነበር፤ ግን ማን እንደ ሁልጊዜው ይሠራል? እንግዳ አናትህ ላይ ቆሞ እያየህ ቀስ ማለት ነውር ነው። ደግሞ ልጅ ናት፤ አለቆቿ ፊት እንዳታፍር ብለው አዘኑላት። አስቻለች የመኪናዋን የታች ክር ሁሉ አስቀድማ በየማጠንጠኛው አጠንጥና ደረደረች፤ ጨርቁን አስቀድማ ከርክማ ከመረች። ግማሽ ቀን ሙሉ ውሃ ሳትቀምስ፣ ሽንት ቤት ሳትሄድ፣ ቀና ሳትል ሰፋች። አርባ ስምንት! ፍሬሰላም «የሚገርም ነው!» ስትላት አስቻለች ደስ አላት፤ በጣም ደስ አላት። የመስመሩ ሃያ ሁለት ሴቶችም ከሞላ ጎደል ሁሉም እንደዚያው ሮጡላት።

ያልሮጠች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ከሪማ። ከሪማ የአስቻለች የአሥራ ስድስት ዓመት የወንበር ጎረቤት ናት፤ ቤተሰቧ ከወሎ መጥቶ ካዛንቺስ የከተመ፣ ቀልደኛ፣ ጾሟን የማትስት ሴት። በየሰዓቱ ሦስት ደቂቃ ያህል ትቆምና እጇን ታራግፋለች፣ ወገቧን ታቃናለች፣ ከዚያ ትቀመጣለች። ስቶፕዎቹ ፊትም ተነሥታ አራገፈች። ፍሬሰላም ቅጿ ላይ ካሉት ሣጥኖች «ብክነት» የሚለውን ፈልጋ እዚያ ውስጥ ምልክት አደረገች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አርባ ስምንት የሁሉም ታርጌት፣ የግድ መድረስ ያለበት ቁጥር፣ ሆነ፤ የአስቻለች ፎቶም ተሰቀለ፤ የስፌት መስመሩ ኃላፊም አደረጓት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። ሥራ የሚጀመረው በሁለት ሰዓት ደወል ነው፤ ሴቶቹ ግን አንድ ሰዓት ላይ መግባት ጀመሩ። በዚያ በማይቆጠር ሰዓት ክር ያጠነጥናሉ፣ ጨርቅ ይከረክማሉ። ምሳቸውንም በአንድ እጅ እየጎረሱ በሌላው ይሰፋሉ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ታዲዎስ በወረቀት ላይ አርባ ስምንት ያያሉ፤ አንድ ሰዓቷ ስንት ሰዓት እንደሆነች ግን ወረቀቱ አይነግራቸውም።

ከሪማ አንድ ሰዓት ላይ ልትደርስ አትችልም። ካዛንቺስ ሳለች በእግሯ ነበር የምትመጣው፤ ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ግን ከከተማው ጫፍ አንድ አውቶቡስና ሁለት ታክሲ ይዛ፣ በሩጫ ለደወሉ ትደርሳለች። ስለዚህ ቁጥሯ ሠላሳ ስምንት ላይ ቆመ። አንደኛው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣ። ሁለተኛው መጣ።

ሐሙስ ከሰዓት አቶ ታዲዎስ አስቻለችን ቢሯቸው ጠሩና ወረቀት ገፋ አደረጉላት።

«እዚህ ጋ ፈርሚልኝ።»

«ምንድን ነው?»

«የከሪማ ነው፤ ሦስተኛው። በዚሁ ትሰናበታለች። የመስመር ኃላፊ ካልፈረመ አይጸናም። ማለቴ፣ ዕድል ሰጥተናታል፣ በቃ።»

አስቻለች እስክሪብቶውን አየችው፤ አላነሣችውም። «አልፈርምም።»

«ለምን? አንቺ በሃምሳ አንድ ዓመትሽ አርባ ስምንት ስትሠሪ፣ እሷን ምን ያዛት?»

መልሱ አንደበቷ ላይ ነበር፤ ነገር ግን መልሱ ከወጣ ፎቶው ይወርዳል፣ ኃላፊነቱ ይሄዳል፣ ሃያ አራት ዓመት «እንደ አስቻለች እጅ!» ሲባል የኖረው ስሟም አብሮ ይሄዳል። አፈረች። ካፈረች ደግሞ ትናደዳለች፤ ተፈጥሮዋ ነው።

«ሰኞ እነግርዎታለሁ» አለች።

«ሰኞም ካልፈረምሽ ኃላፊነቱን ሌላ ሰው ይይዘዋል።»

«ይያዘው» ብላ በሩን ሳትዘጋው ወጣች።

ፍሬሰላምን ግቢው ውስጥ አገኘቻት። ልጅቷ በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣች ቁጥር ትሰበስብ ነበር። አስቻለች ዙሪያ ጥምጥም አልሄደችም።

«የኔ ልጅ፣ ዋሽቼሻለሁ። ያን ቀን የሠራሁት የኔ ሥራ አይደለም። አሁንም አንድ ሰዓት እየገባን ነው የምናደርሰው።»

የፍሬሰላም ፊት ቀላ። «እትዬ አስቻለች፣ እኔ እኮ ሦስት ቀን ጠይቄ ነው ግማሽ ቀን የተሰጠኝ። ሰው ሲታይ እንደሚፈጥን ተምሬያለሁ። ግን ሁላችሁም እኩል ስትሮጡ ሩጫ መሆኑን በምን ልወቀው?»

«አሁን አወቅሽ። ሰኞ ከደወል እስከ ደወል ለኪን።»

«አቶ ታዲዎስ አይፈቅዱማ።»

«ያ ሰዓት የማነው?» አለች አስቻለች፣ በልጅቷ አንገት ላይ ወዳለው ስቶፕዎች እያመለከተች።

«የራሴ ነው።»

«እንግዲያው ሰዓቱ ያንቺ፣ እጁ የኔ። የሳቸው ምኑ ነው?»

ዓርብ በምሳ ሰዓት ለሴቶቹ ነገረቻቸው፤ ሰኞ ማንም ከሁለት ሰዓት በፊት እንዳይገባ፣ ማንም እየሰፋ እንዳይበላ። ከሁሉም ታናሽ የሆነችው ሰገን ተቃወመች። «ለሁላችንም ደብዳቤ ቢጽፉልንስ?»

«ይጻፉ። ሃያ ሁለት ሰው አባረው ኮሌታውን ማን ሊሰፋላቸው ነው? እሳቸው?»

ከሪማ ግን እጇን ያዘቻት። «አስቻልዬ፣ በኔ ምክንያት ስምሽን አታጥፊ። አላህ ሌላ በር ይከፍታል።»

«ይክፈት። ይሄኛውን ግን አቶ ታዲዎስ አይዘጉትም።»

ሰኞ ጠዋት ዘበኛው አንድ ሰዓት ላይ በሩን ከፍቶ ቢጠብቅ ሰው የለም። በኋላ አንገቱን ብቅ ቢያደርግ፣ ሴቶቹ ከበሩ ማዶ ከጋራዡ ግንብ ሥር ፀሐይ እየሞቁ ቆመዋል፤ ፍሬሰላምም መሐላቸው። ከሪማ ከታክሲ ወርዳ ስትሮጥ «ቀስ በይ፣ ዛሬ ሩጫ የለም» አሏት። ደወሉ ሲደወል ሁሉም ገቡ፤ የታች ክር ማጠንጠኛው ባዶ፣ ጨርቁ ያልተከረከመ።

አስቻለችን እንደዚያ ቀን የከበዳት ሥራ የለም። ቀስ ማለት ቀላል እንዳይመስላችሁ! ልጅቷ ቆማ እያየቻት፣ እጇ መሮጥ ይፈልጋል፤ እግሯ የመኪናውን መርገጫ መጫን ይፈልጋል። ክሩ ሲያልቅ ከሰዉ ሁሉ ፊት ተቀምጣ ስታጠነጥን ጆሮዋ ድረስ ጋላት። አራት ጊዜ «ቶሎ በይ» የሚል ነገር ከውስጧ ተነሣ፤ አራት ጊዜ ጥርሷን ነከሰች። ሦስት ሰዓት ላይ ከሪማ ተነሥታ እጇን አራገፈች። አስቻለች አየቻትና እሷም ተነሣች። ከዚያ ሰገን። ከዚያ ሁሉም። ፍሬሰላም ቅጿን አየች፤ «ብክነት» የሚለውን ሰርዛ ባዶ ቦታ ላይ «ዕረፍት» ብላ ጻፈች።

አራት ሰዓት ላይ አቶ ታዲዎስ ገቡ። «ምን እየተካሄደ ነው?»

«ሥራ» አለች አስቻለች፣ ቀና ሳትል።

ልጅቷን ቢሯቸው ጠርተው ሲቆጡ ድምፃቸው እስከ መስመሩ ተሰማ። ፍሬሰላም ዓይኗ ቀልቶ ተመለሰች፤ ቦታዋ ላይ ቆመች፤ ስቶፕዎቿንም አላወለቀችም። ምሳቸውን ደጅ ወጥተው በሁለት እጃቸው በሉ። ከሰዓት በኋላ፣ ወትሮ አንገት ሲደነዝዝና ስፌት ሲዛነፍ፣ የከሪማ ቁጥር ጠዋት ከነበረበት ፈቀቅ አላለም። የአስቻለች ግን ዝቅ አለ፤ ለብዙ ወር የሮጠ ትከሻ በአንድ ቀን ዕረፍት አይታለልም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደወሉ ተደወለ። አቶ ታዲዎስ ደብዳቤውን ይዘው መጡ፤ ማንም ከመስመሩ አልወጣም። ፍሬሰላም ወረቀቷን አንሥታ አነበበች።

«እትዬ አስቻለች፣ በሰዓት ሠላሳ ሰባት። እትዬ ከሪማ፣ ሠላሳ ስምንት።»

ይህን አስቻለችም አላሰበችውም ነበር። አመማት፤ ውሸት ምን ያደርጋል፣ አመማት። ከሪማ ራሷ አንገቷን ደፋች፣ ያጠፋች ይመስል።

«የመጀመሪያው ልኬት ስህተት ነው። ስህተቱም የኔ ነው» አለች ፍሬሰላም። «በጽሑፍ አድርጌ ፈርሜ እሰጥዎታለሁ።»

አቶ ታዲዎስ እሷን ትተው ወደ አስቻለች ዞሩ። «ለዚህ ነው ፎቶሽን የሰቀልነው? ይወርዳል! ኃላፊነቱንም እርሺው።»

አስቻለች ተነሣች። ከእግሯ ሥር ቁራጭ ጨርቅ አነሣችና ወደ ሰሌዳው ሄደች። አርባ ስምንትን ጠረገችው፤ ቀዩ ቀለም ጨርቁ ላይ ቀረ። የሰሌዳውን እስክሪብቶ አንሥታ በራሷ ፎቶ ሥር፣ በራሷ እጅ፣ 37 ብላ ጻፈች። ከዚያ እጇን ለደብዳቤው ዘረጋች። አቶ ታዲዎስ ልትፈርም መስሏቸው ሰጧት። ሳትፈርም አራት ቦታ አጥፋ መለሰችላቸው።

«ከኔ የምትበልጥ ሴት በኔ ፊርማ አትባረርም» አለች። «ይሄን ቁጥር ማጥፋት የፈለገ ሰው ደግሞ፣ መጀመሪያ እዚያ ወንበር ላይ ከደወል እስከ ደወል ቁጭ ብሎ ይስፋ።»

እሳቸው ወንበሩን አዩት። ሃያ ሁለቱም ሴቶች ወንበሩን ሲያዩት አዩአቸው። ደብዳቤውን ኪሳቸው ከተው ወጡ።

ማክሰኞ ጠዋት ፎቶው ወርዶ ነበር፤ ኃላፊነቱም ለሰገን ተሰጠ፤ ደብዳቤው ግን ከአቶ ታዲዎስ ኪስ አልወጣም። 37ም ሰሌዳው ላይ እንዳለ ነው፤ ማንም አልነካውም። ከሪማ በሁለት ሰዓቱ ደወል ገባች፣ ሻንጣዋን ሰቀለች፣ ተቀመጠችና ባዶው ማጠንጠኛ ላይ የታች ክር ማጠንጠን ጀመረች።