ጥላሸት ብርሃን ይበላል

ወንድሜ ንፋስ መውጫ ከተማ ፎቶ አንሺ ነበር። ነበር ብዬ ስጽፍ እጄ ይቆማል። ግን ልጻፈው። ሰርግ፣ ክርስትና፣ የመታወቂያ ፎቶ ሲያነሳ ኖሮ እሱ ራሱ ያለበት አንድ ፎቶ እንኳ አልነበረውም። እኔ በስልኬ ያነሳሁትም ስልኩ ወንዝ ሲገባ አብሮ ጠፋ።

የጉበት ሕመሙ ሲጸናበት ስማዳ፣ እናታችን ቤት መጣ። ከልብሱ ሌላ የያዘው አሮጌዋን የፊልም ካሜራውንና ፍላሹን ብቻ ነው። ለሥራ ዲጂታል ነበረው። ይቺን የሚያወጣት ለሚወደው ሰው ነው።

«ፊልሙ ላይ አንድ ቀርታለች። እኔንና እማን አንሳን» አለኝ።

«እኔ? ባበላሸውስ?»

«ታዲያ በዚያ ካሜራ በሌለው ባለ ቁልፍ ስልክህ ልታነሳን ነው?»

እናታችን መደቡ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች። «ነጩን ነጠላዬን ልልበስ» አለች።

«ተይ እማ፣ ነጩ ያንጸባርቅና ፊትሽ ይጠፋል።»

«ፊቴማ ድሮም ጠፍቷል!»

ሳቁ። እሱ ሲስቅ ጎኑን ይዞ ነው።

«ዓይንህን አስጠጋ» አለኝ። «መሐል ላይ ሁለት ሆኜ እታይሃለሁ። ቀለበቱን አዙረህ አንድ አድርገኝ።»

አዞርኩ። ሁለቱ ወንድሞቼ ቀስ እያሉ ተጠጉና አንድ ሆኑ። ርቀቱ ቀለበቱ ላይ ይነበባል፤ ሁለት ሜትር። የፍላሹን የኃይል ቁጥር፣ አሥራ ስድስትን፣ ለርቀቱ ስታካፍለው ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ምን ያህል መከፈት እንዳለበት ታውቃለህ። እኔ በጣቴ አሰላለሁ።

«አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰህ ማካፈል አቃተህ?»

«ስምንት» አልኩ።

«ጎበዝ። ግን እሱ ነጭ ግድግዳ ላለው ፎቶ ቤት ነው። እዚህ ጣሪያውን እየው። ጥላሸት ብርሃን ይበላል። አንድ ደረጃ ክፈተው።»

ከፈትኩት። ፍላሹ እንደ ትንኝ ሲጮኽ ቆየና ቀይዋ መብራት በራች። እሱ እጁን አንስቶ ገና እየተናገረ ሳለ ተጫንኩት። ሲበራ ሁለቱንም በመመልከቻው አየኋቸው።

ፊልሙን የሚያጥብ በአካባቢያችን የለም። በሰው እጅ አዲስ አበባ ተላከ። ሳይመለስ ወንድሜ አረፈ።

በለቅሶው ሰው ሁሉ ፎቶው የታለ ይላል። እናቴ እኔን ታየኛለች። እኔ መሬት አያለሁ። ብርሃኑ በቅቶ ይሆን? ሌላ ነገር አላሰብኩም። እዚያ ፊልም ላይ ከሌለ፣ ፊቱ የሚታይበት ሌላ ቦታ የለም።

በኋላ ታጥቦ መጣ። ላጠበውም፣ ለላከውም እግዚአብሔር ይስጠው። እናቴ ወደ በሩ ይዛው ወጣች። ጣሪያው ጥቁር ነው፣ ምንም አይታይም። ሁለቱ ፊቶች ግን ጥርት ብለዋል። የእሱ አፍ ከፈት ብሏል።

«ምን እያለ ነው?» አለችኝ።

«‹ገና ነው› እያለኝ ነው እማ። ቀይዋ ብትበራም ፍላሹ ሙሉ በሙሉ እስኪሞላ እንድጠብቅ።»

«እውነቱን ነው። ገና ነበር» አለች። ፎቶውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። ቆይታ ደግሞ «ወፈር ብሏል አይደል?» አለች።

አዎ አልኳት። ፍላሽ ፊት ለፊት ሲመታ የጉንጭን ጉድጓድ ይሞላል። በሽታው የወሰደበትን መለሰለት። ያቺን የመጨረሻ ፊልም ለእኛ ስላስቀረ፣ ትንፋሽ እያጠረው ቁጭ ብሎ ስላስተማረኝ፣ አመሰግነዋለሁ። እናቴ ጠዋት ስትነሳ የምታየው ያንን የሞላ ፊቱን ነው።