ሁለቱ ስልኮችና የእህቴ እጆች

ሁለቱን ስልኮች ሦስት ሳምንት ሙሉ አወዳድሬያቸዋለሁ። ሚስት የሚመርጥ ሰው እንኳ እንደዚያ አይጨነቅም። ደብተር ገዝቼ፣ ገጹን በማስመሪያ ለሁለት ከፍዬ፣ በአንዱ በኩል «ጥቁሩ»፣ በሌላው በኩል «ነጩ» ብዬ ጻፍኩ። ሥራዬ ቅየሳ ነው፤ ነገር ካልተለካና ካልተጻፈ እውነት አይመስለኝም። ሁለቱም የየፋብሪካቸው አውራ ስልኮች ነበሩ። መጠናቸው ያው፣ ፍጥነታቸው ያው፣ ውድነታቸውም ያው። ጓደኞቼ ስለ ሁለቱ ሲከራከሩ ለሰማ ሰው ስለ ሁለት ሃይማኖት የሚከራከሩ ይመስሉት ነበር።

ስልኩ ለእኔ አልነበረም፤ ለእህቴ ነው። እህቴን በአራት ዓመቷ ማጅራት ገትር ይዟት ከሞት ስትተርፍ ጆሮዋ አልተረፈም። መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ ቀን የተማረችውን ምልክት ማታ እቤት መጥታ ለእኔ ታስተምረኝ ነበር። እኔ በአምስት ዓመት እበልጣታለሁ፤ ተማሪዋ ግን እኔ ነበርኩ፤ ስሳሳት በጥፊ ትመታኛለች። ትምህርት ቤት ያላስተማሯትን ነገር ደግሞ ሁለታችን እየፈጠርን ምልክት እናወጣለት ነበር። እንዲህ እያልን ከማንም ጋር የማንጋራው አንድ ቋንቋ አበጀን።

እናቴ አምስት ምልክት ብቻ ታውቃለች፦ ብዪ፣ ነይ፣ ሂጂ፣ ተኚ፣ ጸልዪ። ሰነፍ ሆና አይደለም። እግዚአብሔር ልጇን እንደሚፈውስ ቸርች ውስጥ በትንቢት ተነግሯታል፤ እሷም በሙሉ ልቧ አምናለች። አንድ ጊዜ ተቆጥቼ ለምን እንደማትማር ስጠይቃት፣ «ምልክት መማር እኮ ተስፋ መቁረጥ ነው፤ ጌታ ሲያየኝ ምን ይላል?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ አልጠየቅኳትም። አባታችን ከሞተ ቆይቷል። እንግዲህ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ዳገት ሥር ባለችው ቤታችን ውስጥ ከእህቴ ጋር የሚያወራው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

እሷም ወሬኛ ናት! የታክሲ ረዳት በር ላይ ተንጠልጥሎ ሲጣራ፣ ፓስተራችን ከስብከት በፊት ክራቫቱን ሲያስተካክል፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ስብሰባ ላይ ስለ ልማት ሲናገር አንድ እጁ ኪሱ ውስጥ እንዴት እንደሚቀር፣ ሁሉንም አስመስላ ትሠራቸዋለች። ሳቅ በሳቅ ትሆናለህ። በጽሑፍ ስትመጣ ግን ሌላ ሰው ናት። አማርኛ ለእሷ በዓይኗ ብቻ የተማረችው የባዕድ ቋንቋ ነው። «እኔ ሥራ ሄደ። ዝናብ። ደህና።» ብላ በስልክ መልእክት ትልክልሃለች፤ ያቺ ተረበኛ የት ገባች ትላለህ።

እኔ ደግሞ አሶሳ አካባቢ የመንገድ ሥራ ላይ ተቀጠርኩ። ውሉ የሁለት ዓመት ነው። ስነግራት ለሁለት ቀን አኮረፈችኝ። በሦስተኛው ቀን መጥታ፣ «እኔስ ከማን ጋር ላውራ?» አለችኝ። በቪዲዮ እንደምንገናኝ፣ ጥሩ ስልክ እንደምገዛላት፣ በየሳምንቱ እንደምናወራ ማልኩላት። ደብተሩንም የገዛሁት በማግስቱ ነው። አሁን ሳስበው ሰው ትቶ የሚሄድ ሰው ጥፋቱን በውድ ዕቃ መሸፈን ይወዳል።

በደብተሩ ላይ የሌለ ነገር አልነበረም። ባትሪ፣ ስክሪን፣ ውኃ ቢነካው፣ ቢወድቅ፣ የኋላ ካሜራ፣ ሚሞሪ። የፊት ካሜራ የሚለው ጋ ስደርስ ሜጋፒክሰላቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ «እኩል» ብዬ አለፍኩ። ከዚያ መሥሪያ ቤት አንድ ባልደረባዬ ደብተሬን አየና፣ «ዋናውን ረሳኸው እኮ፤ ሲሸጥስ?» አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ ከሥር «መሸጫ» የሚል መስመር ጨመርኩ። እኛ አገር ዕቃ የሚገዛው ሊሸጥ ነው። ሰው መኪና ሲገዛ ገና ሳይነዳት የምትሸጥበትን ቀን ያስባል፤ ፍሪጅ ሲገዛ፣ ሶፋ ሲገዛም ያው ነው። ገና ሳንጠቀምበት በስንት እንደሚሸጥ እንጨነቃለን።

አንድ ቅዳሜ እህቴን ይዤ መገናኛ ወረድኩ። ለባቡሩ ሐዲድ የተቆፈረው ሁሉ አቧራ ሆኖ ሰው ላይ ተነስቷል። የስልክ ሱቁ የአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ባለሱቁ ሳቂታ ወጣት ነበር። ሁለቱን ስልኮች መስታወቱ ላይ ጎን ለጎን ካስቀመጠልን በኋላ የነጩን ሙዚቃ ከፍቶ፣ «ድምፁን ስማልኝ፣ ብራዘር!» አለኝ። እህቴ እንደማትሰማ ስነግረው ደነገጠና ሙዚቃውን አጥፍቶ ከዚያ በኋላ ወደ እሷ ዞሮ አላየም። እሷ ቀድሞውኑ ስለ እሱ ግድ አልነበራትም። ጥቁሩን ስልክ የሒሳብ ማሽኑ ላይ አስደግፋ አቆመችው፤ የፊት ካሜራውን ከፈተች፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ እዚያው ሱቅ መሃል በሁለት እጇ ማውራት ጀመረች። ገዢዎች ዞረው አዩዋት። ቀጥሎ ነጩን በጥቁሩ ቦታ አቁማ ያንኑ ደገመችው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ጥቁሩ ሳሎን ነው፤ ክርኔ ሳይቀር ይገባል። ነጩ ሽንት ቤት ነው፤ እጄን ስዘረጋ ግድግዳው ይቆርጠኛል።»

እኔ ሳቅሁ። ባለሱቁ ምን እንዳለች ጠየቀኝና ጥቁሩን እንደወደደችው ነገርኩት።

«እውነቱን ልንገርህ፣ ብራዘር» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እህቴ ትሰማኛለች ያለ ይመስል። «ጥቁሯ አሪፍ ናት፤ አልዋሽህም። ግን ገበያ የላትም። ነጯን ከዓመት በኋላም ብትሸጣት አታከስርህም። ዓይንህን ጨፍነህ ውሰዳት!»

ዓይኔን ጨፍኜ ወሰድኳት። ለእህቴ፣ «በኋላ መሸጥ ብትፈልጊ ይቺኛዋ ዋጋ ታወጣለች» አልኳት። «ላወራበት ነው የምትገዛልኝ ልሸጠው?» አለች። ሰዉ እያየን ነው፤ እኔም ነገሩ እንዲያልቅ ፈልጌያለሁ። «ራቅ ብለሽ ትቆሚያለሽ፤ በቃ» አልኳት፤ እጄን ቆረጥ ቆረጥ አድርጌ፣ በቁጣ። እሷም ትከሻዋን ሰብቃ፣ «አንተ ነህ ቀያሹ» አለችኝ። እስከ የካ ድረስ በታክሲ ስንሄድ በመስኮት ወደ ውጭ ነው ያየችው።

ራቅ ብላ እንዳትቆም የእህቴ ክፍል ጠባብ ነው። አልጋዋ ከግድግዳ ግድግዳ ይደርሳል። ማዕዘን እየለካሁ እንጀራ የምበላ ሰው የካሜራውን ማዕዘን አልለካሁም፤ ክፍሏን አልለካሁም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዓይኔ ደብተር ላይ ነበር።

አሶሳ እንደ ደረስኩ በየእሑዱ ከቸርች መልስ እንደዋወል ጀመር። የመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ደስ ይሉ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ችግሩ ታየ፤ እሷ ስልኩን መስኮቱ ላይ ታቆመዋለች፤ እጇን ስታነሳ ፊቷ ይቀራል፤ ፊቷ ሲታይ እጇ ይቀራል። በምልክት ቋንቋ ደግሞ ግማሹ ነገር ያለው ፊት ላይ ነው። «አልታየኝም» እላታለሁ፤ ትደግመዋለች። «እንደገና» እላታለሁ፤ ትደግመዋለች። አንዳንዴ ስልኩን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ታወራለች፤ ይኼ አፍህን በግማሽ ይዘህ እንደማውራት ነው። ግቢው ውስጥ ቆማ እንድታወራ ብነግራት የጎረቤት ልጆች ከብበዋት እየቀለዱባት ተመልሳ ገባች። በዚህ ላይ ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

ሁለተኛ ስልክ ልላክላት ማለት ይቻል ነበር። አላልኩም። ተሳስቻለሁ ማለት ይሆንብኛል። በእሱ ፈንታ አንድ መጥፎ ነገር ለመድኩ፦ ራሴን መነቅነቅ። ያላየሁትን እንዳየሁ፣ ያልገባኝን እንደገባኝ ሆኜ እነቀንቃለሁ፤ ስትስቅ እስቃለሁ፤ መጨረሻ ላይ አውራ ጣቴን አሳያታለሁ። ደክሞኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ በፀሐይ ስቃጠል ከርሜ እሑድን መተኛት ነበር የምፈልገው። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን የሆነው ይኸው ነው።

አንድ እሑድ እንደ ልማዴ ስነቀንቅ እህቴ እጇን አወረደችና አየችኝ። ከዚያ የሆነ ነገር ነገረችኝ፤ አጭር ነው። ፊቷ ላይ ምንም የለም። እጆቿ ከስክሪኑ በታች ናቸው። እኔም ፈገግ ብዬ አውራ ጣቴን አሳየኋት። ስልኩ ተዘጋ።

ጥቂት ቆይቶ መልእክት መጣ። «እማ ሞተች አልኩ። አንተ ሳቀ።»

ወዲያው እናቴ ጋ ደወልኩ። በሁለተኛው ጥሪ አነሳች።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምታለከልከው?»

«ደህና ነሽ እማዬ?»

«ጌታ ይመስገን፣ ምን እሆናለሁ? አሁን ከቸርች ገብቼ ምሳ እያሟሟቅሁ ነው። እህትህ እዚሁ አጠገቤ ሽንኩርት እየላጠች ነው። ሰላም ልበልልህ?»

እንዴት ብላ ነው ሰላም የምትልልኝ? በአምስቱ ምልክት ውስጥ ሰላም የለም። «ተዪው» አልኳት።

ለእህቴ ደጋግሜ ይቅርታ ጻፍኩላት። ሁልጊዜ የምትመልሰው አንድ ቃል ነበር፦ «ደህና»። በቪዲዮ ስደውል አታነሳም። ለገናም ለፋሲካም ፈቃድ ተከለከልኩ ብዬ ቀረሁ፤ የገናው እውነት ነው፣ የፋሲካው ውሸት ነው። እንዴት ብዬ ዓይኗን እንደማይ አላወቅሁም ነበር። ሰው የሸሸውን ነገር ጊዜ የሚያስታምምለት ይመስለዋል።

ወደ ቤት የተመለስኩት ከዓመት በላይ ቆይቼ ነው፤ አንድ ቅዳሜ፣ እኩለ ቀን ላይ። ዳገቱን ወጥቼ በሩን ስከፍት እናቴ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። ከእህቴ ክፍል የስፌት መኪና ድምፅ ይሰማል። እናቴ በኩራት፣ «ስልኩን ሸጣ እኮ ነው የገዛችው፤ ጥሩ አወጣላት» አለችኝ። ባለሱቁ አልዋሸም። አሁን የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ቀበና አንድ ቸርች ውስጥ መስማት የተሳናቸው ወጣቶች ኅብረት አግኝታ ከሳምንቱ ግማሹን እዚያ ነው የምትውለው። ይህን ሁሉ የሰማሁት ከእናቴ ነው።

ክፍሉ ውስጥ እህቴ ሁለት ጓደኞቿን ይዛ ተቀምጣለች። ስታየኝ ተነስታ ሳመችኝ፤ ጉንጬን ያዝ አድርጋ አየችኝ፤ ከሳህ አለችኝ። ይኼ ገባኝ። ከዚያ ለጓደኞቿ ስለ እኔ ነገረቻቸው፤ ይኼ አልገባኝም። እጆቿ ፈጥነዋል። ከሦስት ምልክት አንዱን ብይዝ ነው። እነሱም ሲመልሱላት እንደዚያው፤ ሦስቱም ተንከተከቱ። የሆነ ሰው እየሠራችላቸው ነበር፤ ማንን እንደሆነ አላወቅሁም።

እኔም አፌን ልፍታ ብዬ በድሮው በቤታችን ምልክት፣ መንገድ ላይ ዝናብ እንደመታኝ ነገርኳቸው። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ከዚያ ለእንግዳ እንደሚደረገው በጨዋ ደንብ ፈገግ አሉልኝ። እህቴ በጥፊ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትመታኝ እንዴት ደስ ባለኝ! እሷ ግን በትዕግሥት ምልክቱን ቀስ አድርጋ አሳየችኝ፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ሦስተኛ ስሳሳት፣ ግዴለም ብላ እጄን መታ መታ አደረገችው።

ከዚያ ከስፌት መኪናው አጠገብ የደንበኞቿን ልክ የምትጽፍበትን ደብተር አነሳች። ጎንበስ ብላ ጻፈችና ወደ እኔ አዞረችው።

«ምሳ በልተሃል ወይስ ላቅርብልህ?»

ስህተት ፈለግሁበት፤ አንድም የለውም። ከሚሰሙ ደንበኞች ጋር ስትጻጻፍ አማርኛዋ ተስተካክሏል። እስክሪብቶውን በሁለት እጇ ዘርግታልኝ ትጠብቃለች። ተቀብዬ «አልበላሁም» ብዬ ጻፍኩላት።