በቁሙ የተለቀሰለት

ባለፈው ሰሞን ጎፋ ካለችው ሱቄ ሦስት የትምህርት ቤት ልጆች መጥተው ቃጫ ጠየቁኝ። ለገመድ የፈለጉት መስሎኝ የተገመደውን ሳወርድላቸው፣ «አይደለም ማዘር፣ ያልተገመደውን ነው፤ ለጺም ነው» አሉኝ። ድራማ ሊሠሩ ኖሯል። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ገመድ ለሚፈልግ ገመድ፣ ጺም ለሚፈልግ ጺም እሸጣለሁ። ከእስሩ ፈታ አድርጌ ስሰጣቸው፣ አንደኛው እዚያው ባንኮኒው አጠገብ በክር ሸብ አድርጎ ጆሮው ላይ አንጠለጠለውና ደረቱን ነፍቶ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። ቃጫ ሲፈታ የራሱ ሽታ አለው፤ የደረቀ ሣር፣ ያረጀ ጆንያ፣ ትንሽም ዝናብ የነካው እንጨት ይመስላል። ዕድሜዬን ሙሉ ከአፍንጫዬ ሥር ያልጠፋ የሸቀጥ ሽታ ነው። ያን ዕለት ግን ከሸቀጥነት ወጣና፣ ታላቅ ወንድሜ ደምሴ ከእንዲህ ዓይነት ጺም በስተኋላ ሆኖ ቁልቁል ሲያየኝ ታየኝ። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ገበያተኛ ሲጠራኝ ሁለቴ ካልሆነ አልሰማ ብዬ ዋልኩ።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ንፋስ ስልክ የከተማው ጫፍ ነበር። ከጓሯችን ጀምሮ እስከ ላፍቶ ያለው ሜዳ ጤፍና ሽምብራ ነው፤ የላፍቶ ገበሬዎች በማለዳ ወተታቸውን በአህያ ጭነው ሲያልፉ፣ ጌሾና ብቅል ቸርቻሪዋ እናቴ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ በተሰባበረ ኦሮምኛ ትከራከራቸዋለች፤ እነሱም በተሰባበረ አማርኛ ይረቷታል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በአየር ከሚሄደው ስልክ ነው ይላሉ ያወቁ ሰዎች። እኛ ልጆቹ ግን የምናውቀው ንፋሱን ብቻ ነበር፤ ስልኩንማ ማን አይቶት።

አባታችን ገብሬ ድንጋይ ከሚፈለጥበት ካባ ነበር የሚሠራው። አንድ ቀን ጠዋት ቁርሱን በልቶ፣ እኔን በጉንጬ ቆንጥጦኝ ወጣ፤ ከሰዓት በኋላ በቃሬዛ አመጡት። ያን ቀን ያለቀሰችለት እትዬ የሺ ናት። እትዬ የሺ ማለት ከመካኒሳ አቦ እስከ ላፍቶ ያለ ሟች ሁሉ በእሷ አንደበት ካልተሸኘ ቤተሰቡ የሚታማባት አልቃሽ ነበረች፤ በደህናው ቀን ሲያዩዋት ግን ሳቂታ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ትንሽም ጠላ የምትወድ ሴት ናት። ለአባቴ ያወጣችውን ሙሾ እናቴ ከጸሎቷ እኩል በቃሏ ይዛው ኖራለች፦

ቀና ብሎ ሄዶ ቀና ሳይል መጣ፣
ገብሬ ምን አየ ከቤቱ ሲወጣ።

ከዚያ በኋላ የቤታችን ወንድ ደምሴ ብቻ ሆነ። ሃያን ሲሻገር በአንድ የእህል መጋዘን ኩሊ ሆኖ ገባ። ትከሻው ጆንያ ለመሸከም የተፈጠረ ነው ይሉ ነበር፤ እሱ ግን አፉ ለሌላ ነገር እንደተፈጠረ ያውቅ ነበር። የአጥቢያውን ቄስ ሳል፣ የመጋዘን ኃላፊውን አነጋገር፣ የላፍቶው ባለወተት ከአህያው ጋር የሚያደርገውን ጭቅጭቅ፣ ከነአህያው መልስ፣ እንዲህ አድርጎ ያመጣው ስለነበር እናቴ ሳትወድ ትስቅና ወዲያው በነጠላዋ አፏን ትይዛለች። ምኞቱ አንድ ነበር፤ ከተማ ካለው ትልቁ ትያትር ቤት መግባት። ከጆንያ ሥር ሆኖ ይህን መመኘት በእኛ ሰፈር አእምሮን እንደ መሳት ይቆጠር ነበር።

እንግዲህ የሰፈራችን ሰው ጋሽ ተክሉ ትያትር የጻፈው በዚህ ጊዜ ነው። ጋሽ ተክሉ ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ስለነበር፣ በትያትሩ ያለው ደጃዝማች ለሚስቱ ፍቅሩን ሲገልጥ እንኳ «ከፍ ብሎ እንደተመለከተው» የሚል ይገባበታል። ታሪኩ ግን ዛሬም ሳስበው ያስደንቀኛል። ደጃዝማች ስንሻው የሚባል ሹም ከእጣው በላይ ተመኝቶ ጠንቋይ ዘንድ ይሄዳል። ጠንቋዩ ዓይኑን ጨፍኖ አንዲት ቃል ይጥልለታል፦ «ስንሻው ይበላል።» ደጃዝማቹ ቃሏን አላልቶ ሰማት፤ አገር ይበላል፣ ይሾማል፣ ይገዛል ማለት ነው ብሎ ተነሣ። ጌታውን ገደለ፣ አማቹን ገደለ፣ እንቅልፉንም አጣ። በመጨረሻ የገዛ አሽከሮቹ ከብበው ሲወጉት ጠንቋዩ ብቅ ይልና፣ «እኔ አጥብቄ ነበር የተናገርኩት፤ ያላላኸው አንተ ነህ» ይለዋል። ጋሽ ተክሉ ይህችን ቃል ያገኘው ከሙያው ይመስለኛል፤ በጽሕፈት ላይ «ይበላል» ሲላላና ሲጠብቅ፣ በይው ከተበይው ስለማይለይ ስንት ሰው ፍርድ ቤት ሲንከራተት አይቷል።

ደጃዝማቹን የሚሆነው ደምሴ ነበር። ልምምዱ ቤታችን ውስጥ ስለሆነ እኔ ሚስቱም፣ ጠንቋዩም፣ ጦሩም ሆኜ እመልስለታለሁ። መጋዘን ሲገባ ኩሊዎቹ፣ «ደጃዝማች፣ በቅሎዎ የት ቀረች? ጆንያውንስ ማን ይሸከምልዎ?» እያሉ ያበሽቁታል፤ እሱም በደጃዝማችኛ ይመልስላቸዋል። ከሁሉ አብልጦ የሚለማመደው አሟሟቱን ነው። እንዲህ በቶሎ የሚሞት አልነበረም። ይንገዳገዳል፣ ይንበረከካል፣ ሰማይ ያያል፣ ሞተ ሲሉት በክንዱ ቀና ብሎ ይናዘዛል፣ እንደገና ይወድቃል።

እናቴ መዳፏን በመዳፏ እየመታች፣ «አንተ ልጅ፣ ሞት ይቀለድበታል? ሟርት ነው ተው» ትለዋለች።

«እማዬ፣ የምሞተው እኔ አይደለሁም፤ ደጃዝማቹ ነው።»

«ታዲያ መሬት የሚጋደመው ማን ነው?»

አቅፎ ይስማትና ወደ ሞቱ ይመለሳል።

ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። መጋዘኑ ግቢ ውስጥ አንድ አሮጌ ትሬንታ ኳትሮ ካሚዮን አቁመው፣ የጎን መከለያ ስፖንዳውን አውርደው መድረክ አደረጉት። ሰፈሩ ሁሉ ከነልጁ፣ ከነበርጩማው ወጥቷል። ደምሴ ከተማ ድረስ በእግሩ እየሄደ ደጅ ሲጠና ከርሞ፣ ከትልቁ ትያትር ቤት አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሰው መጥቶለት ከፊት ወንበር ተቀምጦ ነበር። የሰውየው መምጣት ለደምሴ ምን ማለት እንደሆነ ያወቅነው እኔና እናቴ ብቻ ነን። እሷም ሳትወድ የክት ቀሚሷን ለብሳ እጄን ይዛ ተቀመጠች።

ጋሽ ተክሉ «እንደ እውነቱ ይሁን» ብሎ ለመጨረሻው ሬሳ እትዬ የሺን ለምኖ አምጥቷት ነበር። ስህተቱ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። አልቃሽ ዝም ብላ አታለቅስም፤ አስቀድማ ሟቹ የማን ልጅ እንደሆነ፣ አገሩን፣ ጀግንነቱን፣ ማንን ትቶ እንደሄደ ከዘመድ ጠይቃ ነው የምትነሣው። እትዬ የሺም በደንቧ ጠየቀች። «ይኼ ደጃች ስንሻው የማነው ልጅ? እናቱ በሕይወት አለች?» ጋሽ ተክሉ አላሰበበትም። «ምን ያደርግልሻል የሺ፣ ዝም ብለሽ አልቅሺ፤ የፈጠርኩት ሰው እኮ ነው» አላት። እሷም ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየተብሰለሰለች ተራዋን ጠበቀች።

ደምሴ እንደዚያ ቀን ሞቶ አያውቅም። የቃጫ ጺሙ ላይ ቀይ ሥር ተቀብቶበት፣ ወድቆ እየተነሣ፣ ተነሥቶ እየወደቀ ግቢውን ሁሉ ትንፋሽ አሳጣው፤ ጠንቋዩን ይጫወት የነበረው ሥጋ ሻጭ እንኳ የሚናገረውን ረስቶ ያየው ጀመር። ቀጥ ብሎ ሲተኛ እትዬ የሺ ወጣች። «ደጃች ስንሻው» ብላ ጀመረች፤ ድምፅዋ ደረቅ ነው። እንደገና «ስንሻው» አለች፤ እንባው አልመጣላትም። ለማታውቀው ሰው ማልቀስ አልቻለችም። ቁልቁል አየች፤ እዚያ የተጋደመው ከልጅነቱ የምታውቀው፣ አባቱን የቀበረችለት ልጅ ነው። ደረቷን መታችና ድምፅዋ ተከፈተ፦

ቀና ብሎ ሄዶ ቀና ሳይል መጣ፣
ደምሴ ምን አየ ከቤቱ ሲወጣ።

ሴቶቹ ሁሉ እንደ ልማዳቸው ብድግ ብለው ተቀበሏት፤ ትያትር መሆኑን ረሱ። እናቴ እጄን ለቀቀች። ሰውን እየገፋች ሄዳ፣ በካሚዮኑ ጎማ ላይ ተንጠላጥላ ወጣችና የደምሴን እግር ያዘች። «ተነሥ!» አለችው። አልተነሣም። ደረቱን ነካችው፤ ትንፋሹን ውጦታል። «ደምሴ፣ እኔ ነኝ፣ ተነሥ ልጄ!» ባርኔጣ ያደረገው ሰው ከፊት እንደተቀመጠ ነው፤ ሞቱ አላለቀም፤ ወንድሜም ሬሳ እንደሆነ ጸና። ዛሬ ድረስ ከሁለቱ ለማን እንደማዝን አላውቅም፤ የልጇን ትንፋሽ በመዳፏ ፈልጋ ላጣችው፣ ወይስ የእናቱን ድምፅ እየሰማ ዓይኑን ላልገለጠው።

ሙሾው ሲያልቅ ብድግ ብሎ እጅ ነሣ፤ ጭብጨባው እስከ ላፍቶ ሳይሰማ አልቀረም። ባርኔጣ ያደረገው ሰው ትከሻውን ይዞ፣ «ሰኞ ጠዋት ና፤ ለአለቆቹ እኔ አቀርብሃለሁ» አለው። እናቴ አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እትዬ የሺ ይቅርታ ልትጠይቅ መጥታ በር ላይ ተንበረከከች። «አፌ ይቆረጥ፤ አልመጣልኝ ሲል የማውቀውን አለቀስኩ» አለች። እናቴ አነሣቻትና በቀስታ ጠየቀቻት፤ «አንቺ ታውቂያለሽ የሺ፤ በቁሙ የተለቀሰለት ምን ይሆናል?» እትዬ የሺ ብትዋሽ ኖሮ የወንድሜ ዕድሜ ሌላ ይሆን ነበር። ግን ሙያዋን የምታከብር ሴት ናት። «የተለቀሰ ስም ባለቤቱን ይፈልጋል» አለቻት።

ሰኞ ጠዋት ደምሴ ፊቱን ታጥቦ፣ ከጓደኛው የተዋሰውን ኮት ለብሶ ሲወጣ እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ቀሚሷን ከደረቷ ገልጣ፣ «በጠባኸው ጡቴ ገዝቼሃለሁ» አለችው፤ «ከእንግዲህ ሰው ፊት ቆመህ ብትሞት፣ ጡቴን የነከስክ ሁን።» ይህን ግዝት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከራሷ በቀር ካህንም ጳጳስም አይፈታውም። ደምሴ ቆሞ አያት፤ እኔንም አየኝ። ኮቱን አውልቆ በጥንቃቄ አጠፈና የኩሊ ልብሱን ለብሶ ወደ መጋዘኑ ሄደ።

ሞት አልፈለገውም። ራስ ምታት እንኳ አያውቀውም ነበር። ከኩሊነት ወደ ጥበቃ አለፈ፣ አገባ፣ ወለደ፣ ማኅበርተኛ ሆነ። ሰው መኮረጁ ግን ያን ሰኞ ቀረ፤ የቄሱን ሳል አምጣልን ሲሉት፣ «ረሳሁት» ይላል። ዝምተኛ፣ ሰዓት አክባሪ፣ ለሁሉም «እሺ» ባይ ሆነ። እናቴ በየዓመቱ ልደታን ስትዘክር፣ «ይኸው አለልኝ» ትላለች፤ እውነት ነው፣ ነበረላት። እኔ ስገዛ ስሸጥ ኖሬ እንደዚያ ያለ ግብይት አላየሁም፤ እናቴ ልጇን በልጇ ገዛችው። ሊሞትባት ሲቃረብ ሳይሆን እሷ ልትሞት ስትቃረብ፣ ፀጉሩ የሸበተ ልጇን ጠርታ፣ «ፈትቼሃለሁ፤ አሁን ሂድ ተጫወት» አለችው። ለሕፃን እንደሚባል። እሱም እጇን ስሞ፣ «እሺ እማዬ» አለ፤ ወጥቶም ወደ ጥበቃው ሄደ፤ ተራው ነበር።

ሜዳው ዛሬ ፎቅ ነው። ካሚዮኑ የቆመበት ግቢ የቱ ጋ እንደነበር ብጠየቅ በጣቴ የማሳየው የሰው ሳሎን ነው። እትዬ የሺም፣ ጋሽ ተክሉም፣ ያን ቀን ብድግ ብለው ያለቀሱት ሴቶችም የሉም፤ ወንድሜን መድረክ ላይ ያየው ሰው ሁሉ አልቆ እኔ ብቀር ነው።

እሱንም ካቻምና መካኒሳ አቦ ቀበርነው። አልቃሽ ቀርቷል፤ ዛሬ የሕይወት ታሪክ በማይክራፎን ይነበባል። የልጅ ልጁ ወረቀቱን ይዞ ቆመ። ተወለዱ አለ፤ በጥበቃ ሙያ በቅንነት አገለገሉ አለ፤ የልጆችና የልጅ ልጆች አባት ነበሩ፣ ባደረባቸው ሕመም ዐረፉ አለ። ነጠላዬን አስተካክዬ ሌላ እሰማለሁ ብዬ ጆሮዬን ሳቀና፣ ልጁ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከቶታል። ወንድሜ በዚያ የካሚዮን ጀርባ ላይ ለመሞት ብቻ የወሰደበት ጊዜ ከዚህ ይረዝም ነበር።