ዓለምነሽ ያየችው ኮቴን ነበር

ደብረ ማርቆስ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን በሚሠለጥኑበት ቤት፣ ግሪክኛ ለማስተማር የተቀጠርኩ ዕለት የስም መጥሪያ መዝገብና አንድ ፓኬት ጠመኔ ተሰጠኝ። ኃላፊያችን መሪጌታ ይትባረክ፣ "ግሪኩ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ተማሪዎቹን እወቃቸው" አሉኝ። እኔ ግን ፊደሉን ሰሌዳው ላይ ደርድሬ ጨርሻለሁ።

ስም ስጠራ "ዓለምነሽ" ስል መልስ ጠፋ። አንድ ዲያቆን ተነሣ። "እኅቴ ናት፣ መምህር። አትሰማም። እኔ በምልክት እነግራታለሁ።"

የመጡት ከቁይ ከተማ ነው። እዚያ መስማት የተሳናቸው ልጆች አሉ፤ ወንጌል የሚያስተምራቸው ግን የለም። ዓለምነሽ ተምራ ልታስተምራቸው ነው።

መሪጌታ አመነቱ። "ፈተናችን የቃል ነው። በምን ትመልሳለች? ዓርብ ክፍል ገብቼ ልያት፤ ካልሆነ ትመለስ።"

ለዓርብ በዓለ ሃምሳን መረጥኩ። "ግሎሳ" በግሪክኛ መጀመሪያ አፍ ውስጥ ያለው ምላስ ነው፤ ከዚያ ቋንቋ ማለት ይሆናል። የግዕዙ "ልሳን"ም እንዲሁ ነው። በዚያ ቀን ሐዋርያት ሲናገሩ ከየአገሩ የመጣው ሕዝብ በየራሱ ቋንቋ ሰማ። ስለዚህ ቋንቋ የሚባለው ሰሚው ዘንድ የሚደርሰው ነው፤ የእጅ ምልክትም ይደርሳል። ይህን ሁሉ ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ አብራራሁ። መሪጌታ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዳምጣሉ።

ዲያቆኑ የዓርብ ቅዳሴ ላይ ነበር። ዓለምነሽ ያለ አስተርጓሚ ብቻዋን ናት። ስዞር ደብተሯን ዘረጋችልኝ፦ "መምህር፣ እኔ የምሰማው ከንፈርዎን እያየሁ ነው። ዛሬ ያየሁት ኮትዎን ነው።"

መሪጌታ መጥተው አነበቡና ሳቁ። "የሐዋርያቱን ልሳን ለጥቁር ሰሌዳው ሰበክህለት። እሷን ልፈትን መጥቼ አንተ ወደቅህ።"

ሳቁ አላስደሰተኝም፤ በእኔ ጥፋት ልትመለስ ነው ብዬ ፈራሁ። "አንድ ጊዜ ልድገመው" ብዬ ለመንኩ። ፊቴን ወደ እሷ አድርጌ፣ በአጭር በአጭሩ፣ እንደ አዲስ አስተማርኩ። ስጨርስ ወንድሟ ከቅዳሴ ወጥቶ ገባ።

"ጠይቅልኝ" አሉት መሪጌታ፤ "ያን ቀን ተአምሩ ምኑ ላይ ነው?"

እጆቿ ፈጠን ብለው ተንቀሳቀሱ። ወንድሟ ተረጎመ፦ "'ማንም ቋንቋህን ቀይረህ ና አልተባለም' ትላለች።"

መሪጌታ፣ "እኔም እንዲህ አድርጌ አላስተማርኩትም" አሉና መዝገቡን ተቀብለው ከስሟ ፊት ለፊት ፈረሙ።

አሁን ቁይ ላይ ታስተምራለች። እኔም እየጻፍኩ አላወራም። እጽፋለሁ፣ እዞራለሁ፣ ከዚያ እናገራለሁ።